ሥራ ለመለወጥ በምናስብበት ጊዜ የሚቀጥለውን እርምጃ እንዴት እንወስን?

የሚነበበው፦ መጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 1፤ ምዕራፍ 2፤ ምዕራፍ 5 ከቍጥር 14 እስከ 19፤ ምዕራፍ 13 ቍጥር 6

በሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ በሕይወቱ አንድ ጊዜ፥ ብዙውም ሰው ከአንድ ጊዜ በላይ፥ «ልቈይ ወይስ ልሂድ?» ብሎ ራሱን የሚጠይቅበት ቀን ይመጣበታል። በዚያ ቀን መካሪ አያጣም። አንዱ «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ብሎ ባለበት እንዲረጋ ይመክረዋል። ሌላው ደግሞ «እስከ መቼ በአንድ ቦታ ተቀምጠህ ትቀራለህ?» እያለ ያስቸኵለዋል። ሄዶ የተሳሳተ እንደ ሆነ ግን ሁለቱም በአንድ ቃል «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብለው ይተርቱበታል።

ነገሩ ለተረት የሚተው አይደለም። በአንድ ሰው ደመወዝ የሚደገፉ ብዙዎች ናቸው። በቤት ልጆች አሉ፤ በገጠር ያረጁ አባትና እናት አሉ፤ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚጠብቅ ታናሽ ወንድም አለ። አንድ ሰው ሥራውን ሲለውጥ እነዚህ ሁሉ ከእርሱ ጋር ወንዙን ይሻገራሉ። ወንዙ ሞልቶ እንደ ሆነ አስቀድሞ ሳያይ የሚገባ ሰው ራሱን ብቻ አያሰጥምም።

ደግሞ በጉባኤዎቻችን መካከል ሌላ ሸክም በዚህ ላይ ይጨመራል። ሥራውን ትቶ የተሻለ ደመወዝ ወደሚከፈልበት ቦታ የሄደውን ሰው «ገንዘብ ወደደ» የምንል አለን። በደከመው ሥራ ላይ ተስፋ ቈርጦ የተቀመጠውን ደግሞ «ታማኝ ነው» ብለን እናመሰግነዋለን። እንዲህ ያለው ፍርድ ትክክል አይደለም። የቀረ ሁሉ ታማኝ፥ የሄደ ሁሉ ከዳተኛ አይደለም። ልጆቹን ለመመገብ የሚበቃ ደመወዝ የሚፈልግ አባት ስስታም አይባልም፤ ከፍርሃት የተነሣ ብቻ ባለበት የቀረውም ሰው በመቅረቱ አልጸደቀም። ስለዚህ እንዴት በማስተዋል እንደሚወሰን በዚህ ትምህርት በየተራ እንመለከታለን።

ለምሳሌ እንዲሆነን የመረጥነው ነህምያን ነው። ስለ ነህምያ ሲነገር ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ ኢየሩሳሌም ቅጥር ነው፤ ነገር ግን ታሪኩ የሚጀምረው አንድ ሰው ሥራውን በመለወጡ ነው። ነህምያ በሱሳ ግንብ የንጉሡ የአርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ ነበረ። ይህ የታመነ ሰው ብቻ የሚቀበለው ሹመት ነበረ፤ የንጉሡን ጽዋ የያዘ የንጉሡን ነፍስ በእጁ ይዞአልና። ከዚህ ከተከበረ ቦታ ተነሥቶ፥ በሮችዋ በእሳት ወደ ተቃጠሉ ከተማ፥ ፍርስራሽ ሊያነሣ ሄደ። እንዴት እንደ ሄደ ብንመረምር ለእኛ የሚጠቅም ብዙ ነገር እናገኛለን።

አንደኛ፤ የምንለውጥበትን ምክንያት እንመርምር

ሥራውን ለመልቀቅ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ ራሱን የሚጠይቀው «ወዴት ልሂድ?» ብሎ ሳይሆን «ስለ ምን ልሂድ?» ብሎ ነው። ምክንያቱ በብዙ ሰው ዘንድ ከአራቱ አንዱ ነው። አንዱ ሥራው ራሱ ለተሰጠን ችሎታ የማይስማማ ሲሆን ነው። ሁለተኛው ሥራው መልካም ሆኖ ሳለ ከአለቃ ወይም ከባልደረባ ጋር አለመስማማት ሲኖር ነው። ሦስተኛው ደመወዙ ለቤተ ሰብ አለመብቃቱ ነው። አራተኛው ድካም ነው፤ ይኸውም ሰውነታችን ወይም ልባችን ዝሎ ሥራው ሁሉ የከበደን ሲመስለን ነው።

እነዚህ አራቱ መድኃኒታቸው አንድ አይደለም። ለድካም የሚሻለው ምናልባት ዕረፍት ነው፤ ደክሞት ሥራውን የለወጠ ሰው ድካሙን ይዞ ወደ አዲሱ ቦታ ይገባልና። ከአለቃ ጋር ለተፈጠረ ቅሬታ መነጋገር፥ ወይም በዚያው መሥሪያ ቤት ወደ ሌላ ክፍል መዛወር ሊበቃ ይችላል። ለደመወዝ ማነስ ጭማሪ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሥራው ራሱ የማይስማማን ከሆነ ግን መልክ መለወጥ አይረዳንም፤ በሌላ መሥሪያ ቤት ያንኑ ሥራ ብንይዝ ያንኑ ሐዘን እናገኛለን።

ምክንያታችንን ለመለየት አንድ ቀላል ጥያቄ እናቅርብ። «የሚያስቸግረኝ ይህ አንድ ነገር ነገ ቢታረም፥ እዚህ ለመቈየት ደስ ይለኛልን?» መልሱ «አዎን» ከሆነ፥ የሚቀጥለው እርምጃ መልቀቅ ሳይሆን ያንን አንድ ነገር ለማሳረም መሞከር ነው። መልሱ «አይደለም» ከሆነ ግን፥ የምንሄድበትን መንገድ በጸጥታ ማዘጋጀት እንጀምር።

ፍርሃትና ቍጣ ክፉ መካሪዎች እንደ ሆኑ ከማርቲን ሉተር ታሪክ እንማራለን። ሉተር በ21 ዓመቱ፥ በአባቱ ፈቃድ በኤርፉርት ከተማ የሕግ ትምህርት ጀምሮ ሳለ፥ እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 1505 በስቶተርንሃይም አጠገብ የመብረቅ ማዕበል አገኘው። ከድንጋጤው የተነሣ መነኵሴ ለመሆን ተሳለ፤ ከ15 ቀን በኋላም ወደ ገዳም ገባ። በ1521 ለአባቱ በጻፈው ደብዳቤ ያ ስእለት በነጻ ፈቃድ ሳይሆን በድንገተኛ ሞት ፍርሃት ተገድዶ የተሳለው እንደ ነበረ ገለጠ። እግዚአብሔር ከዚያም ቢሆን መልካም ነገር አወጣ፤ ቢሆንም ሉተር ራሱ መብረቅን እንደ መካሪ እንድንከተል አላስተማረም። ይልቁንም ያስተማረው፥ ጫማ ሰፊም ገበሬም ዳኛም ልጅ የምታሳድግ እናትም በሥራቸው ባልንጀራቸውን ሲያገለግሉ እንደ ተጠሩ ነው። ስለዚህ በአንድ ሥራና በሌላው መካከል ስንመርጥ የሚቀረው ጥያቄ «የትኛው የተቀደሰ ነው?» የሚል ሳይሆን «በየትኛው ቦታ ባልንጀራዬን በእውነት ልጠቅም እችላለሁ?» የሚል ነው። ከባልንጀሮቻችንም የመጀመሪያዎቹ በገዛ ቤታችን ያሉት ናቸው።

ሁለተኛ፤ የመጠበቂያውን ጊዜ በከንቱ አናሳልፍ

ነህምያ ስለ ኢየሩሳሌም ወሬ የሰማው በካሴሉ ወር ነበረ። ለንጉሡ የተናገረው ግን በኒሳን ወር ነው። በመካከሉ አራት ወር ያህል አለፈ። በእነዚህ ወራት ጽዋውን ማቅረብ አልተወም፤ ሥራውንም አላጓደለም። ይጾምና ይጸልይ ነበር፤ ያስብም ነበር። ማሰቡ የታወቀው ንጉሡ «ምን ትለምነኛለህ?» ባለው ጊዜ ነው። መልሱ ተዘጋጅቶ ነበር፤ የሚቈይበትን ጊዜ ወስኖ ተናገረ፤ ከወንዝ ማዶ ወዳሉት ገዢዎች ደብዳቤ ለመነ፤ ለበሮቹ የሚሆን እንጨት እንዲሰጠው ለንጉሡ ዱር ጠባቂ እንዲጻፍለት ጠየቀ። ይህን ሁሉ በዚያች ደቂቃ አላሰበውም።

እኛም እንዲሁ እናድርግ። ሥራ ለመለወጥ ያሰበ ሰው ለራሱ የተወሰነ ጊዜ ይስጥ፤ ለምሳሌ ሦስት ወር ወይም አራት ወር። ወሰን የሌለው መጠበቅ ወደ ማመንታት ይለወጣል፤ ወሰን ያለው መጠበቅ ግን ዝግጅት ይሆናል። በዚያ ጊዜ የትምህርትና የሥራ ማስረጃዎቹን ይሰብስብ፤ የጐደለውን ዕውቀት በማታ ትምህርት ይማር፤ ከደመወዙ ጥቂት ጥቂት እየቀነሰ ያስቀምጥ። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፥ ከአራት ወር በኋላ የሚወስነው ሰው ዛሬ በተናደደበት ማታ ከሚወስነው የተሻለ ዐይን ይኖረዋል።

በመጠበቅ ጊዜ የያዝነውን ሥራ ማጓደል ግን አይገባም። ልቡ ሄዶ እጁ የቀረ ሠራተኛ አሠሪውን ይበድላል፤ ለሚቀጥለውም ቦታ ምስክር የሚሆነውን መልካም ስሙን ያጠፋል።

ሦስተኛ፤ ወጪውን አስቀድመን እንቍጠር

ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚቈጥር አስተምሮአል። ቍጥር ያለ እምነት የሚደረግ ነገር ነው ብለው የሚያስቡ አሉ፤ ነገር ግን ወረቀትና እርሳስ ይዞ መቀመጥ ከጸሎት ጋር የሚጣላ አይደለም።

አንድ ምሳሌ እናስቀምጥ። በደብረ ብርሃን ከተማ በአንድ ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ኀላፊ የሆነ ወንድም አለ እንበል። ተቀናሹ ሁሉ ከወጣ በኋላ በወር 9,000 ብር በእጁ ይገባል። ከዚያ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከአዲስ አበባ 14,000 ብር የሚያስገኝ ሥራ ቀረበለት። ሲሰማው 5,000 ብር ያተረፈ ይመስለዋል። ነገር ግን አሁን የሚኖረው በቤተ ሰቡ ቤት ስለሆነ ኪራይ አይከፍልም፤ ወደ ሥራውም በእግሩ ይሄዳል። በአዲስ አበባ ለአንዲት ክፍል ኪራይ 4,500፥ ለታክሲ 1,000፥ በወር ሁለት ጊዜ ሚስቱንና ልጆቹን ለማየት ለመመላለስ 1,200 ብር ቢያወጣ፥ ድምሩ 6,700 ብር ይሆናል። እንግዲህ ደመወዙ አድጎ ሳለ በየወሩ 1,700 ብር ይጐድልበታል ማለት ነው። የምግቡን ነገር ገና አልቈጠርንም፤ ቤት በሁለት ሲከፈል ምጣዱም ሁለት ይሆናልና።

ይህ ማለት አይሂድ ማለት አይደለም። አዲሱ ሥራ ትልቅ ሙያ የሚያስተምረው፥ በሁለት ዓመትም ወደ ተሻለ ደረጃ የሚያደርሰው እንደ ሆነ፥ ጕድለቱን እንደ ትምህርት ክፍያ ሊቈጥረው ይችላል። ነገር ግን ጕድለቱን አውቆ ይሂድ፤ ከየት እንደሚሞላውም ከሚስቱ ጋር ተማክሮ ይሂድ። ከመነሣቱም በፊት ቢያንስ የሦስት ወር የቤት ወጪ ቢያስቀምጥ መልካም ነው።

ከብር ሌላ የሚቈጠር ነገርም አለ። የልጆች ትምህርት በዓመቱ መካከል ይቋረጣልን? ያረጁትን ወላጆች ማን ይጠይቃል? የትተነው ቦታ ምን ይሆናል? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ለመምህራንና ለሕሙማን አስታማሚዎች ከባድ ነው። በሩቅ ወረዳ ያለ ትምህርት ቤት አንድ መምህር ሲለቅበት ሌላ እስኪያገኝ ልጆቹ ያለ አስተማሪ ይቀመጣሉ። መምህሩ ለዘላለም ታስሮ ይኑር አንልም፤ ነገር ግን የትምህርቱ ዓመት እስኪፈጸም መቈየት፥ ተተኪውንም ማሠልጠን የፍቅር ሥራ ነው።

አራተኛ፤ ቅጥሩን በሌሊት እንዙር

ነህምያ ኢየሩሳሌም በደረሰ ጊዜ ሦስት ቀን ተቀመጠ። ከዚያም በሌሊት ተነሥቶ ከጥቂት ሰዎች ጋር የፈረሰውን ቅጥር ዞሮ ተመለከተ፤ ያሰበውንም ለማንም አልተናገረም። ስለ ቅጥሩ በሱሳ ሰምቶ ነበር፤ ቢሆንም በወሬ አልረካም፤ በዐይኑ ሊያይ ወደደ።

አዲስ ሥራ የቀረበልን ጊዜ እኛም ዞረን እንይ። በቃለ መጠይቁ ቀን የሚታየው የመሥሪያ ቤቱ የፊት በር ነው። በዚያ የሚሠሩትን፥ ከዚያም የለቀቁትን እንጠይቅ። ደመወዝ በቀኑ ይከፈላልን? ባለፉት ሁለት ዓመታት በዚህ ቦታ ስንት ሰው ተቀያየረ? የበፊቱ ሠራተኛ ስለ ምን ለቀቀ? አለቃው ሲቈጣ እንዴት ነው? በቃል የተነገረን የቤት አበልና የትራንስፖርት አበል በውሉ ላይ ተጽፎአልን? የማይጻፍ ተስፋ ከሚተን ጉም አይሻልም።

በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ የሚኖረው በጽሑፍ ስምምነት ሲደረግ ነው፤ ርዝመቱም ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። በዚህ ጊዜ ሠራተኛው ለሥራው የማይስማማ ሆኖ ቢገኝ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው ይችላል፤ ሠራተኛውም እንዲሁ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊለቅ ይችላል። ስለዚህ የቈየ ሥራውን የለቀቀ ሰው በእነዚህ የመጀመሪያ ወራት በቀጭን ድልድይ ላይ እንዳለ ይወቅ፤ አዲስ ዕዳም አይግባ።

ሥራው በባሕር ማዶ የሆነ እንደ ሆነ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን። ከመንግሥት ፈቃድ በሌለው ደላላ እጅ አንውደቅ፤ በማናነበው ቋንቋ በተጻፈ ውል ላይ አንፈርም፤ «ሲደርሱ ይነገርዎታል» የሚለውን ቃል አንቀበል።

አምስተኛ፤ ምክርን ከማን እንጠይቅ?

መካሪ መብዛቱ ብቻ ጥቅም አይሰጥም፤ ሁሉ የየራሱን ፍርሃትና ምኞት ይናገራልና። ሦስት ዓይነት መካሪዎችን መፈለግ ይበቃል። አንደኛው ያንን ሙያ በሥራ የሚያውቅ ሰው ነው፤ እርሱ ውጭ ሆነን የማናየውን ይነግረናል። ሁለተኛው እኛን የሚያውቅና የማያሞካሸን ሰው ነው፤ «ይህን የምታስበው ቂም ይዘህ አይደለምን?» ብሎ ሊጠይቀን የሚደፍር ሽማግሌ ወይም ወዳጅ ማለታችን ነው። ሦስተኛው ከመሄዳችንም ሆነ ከመቅረታችን ምንም ጥቅም የማያገኝ ሰው ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ባልና ሚስት ይማከሩ። ባል ከወሰነ በኋላ ለሚስቱ ቢያስታውቃት ምክር አይባልም፤ ዐዋጅ ነው። ሚስትም በሥራዋ እንዲሁ። ለአካለ መጠን የደረሱ ልጆችም ይሰሙ፤ ከጓደኞቻቸውና ከትምህርት ቤታቸው የሚለዩት እነርሱ ናቸውና።

መካሪዎቻችን ሳይስማሙ ቢቀሩ አንደንግጥ። ምክር የምንጠይቀው ሌላው እንዲወስንልን አይደለም፤ እኛ በማስተዋል እንድንወስን ነው። «እናንተ እንዳላችሁኝ አደረግሁ» ብሎ በኋላ ወዳጁን የሚከስ ሰው ኀላፊነቱን ሸሽቶአል።

ስድስተኛ፤ በመልካም እንሰናበት

ነህምያ በሌሊት ጠፍቶ አልሄደም። ንጉሡን ፈቃድ ጠየቀ፤ የሚመለስበትንም ጊዜ ቀጠረ። በይሁዳ 12 ዓመት ገዢ ሆኖ ከቈየ በኋላ፥ በአርጤክስስ በሠላሳ ሁለተኛው ዓመት ወደ ንጉሡ ተመለሰ፤ ደግሞም ዳግመኛ ፈቃድ ጠይቆ መጣ። በመልካም የተሰናበተ ሰው የወጣበት በር ተከፍቶ ይቈየዋል።

በዚህ ነገር ሕጉን ማወቅ ይጠቅማል። ከላይ በጠቀስነው አዋጅ መሠረት ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ ለአሠሪው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ይህን ሳያደርግ ቢለቅ ከ30 ቀን ደመወዝ የማይበልጥ ካሣ ሊከፍል ይችላል። ሰብአዊ ክብሩን የሚነካ በደል ወይም ለሕይወቱ የሚያሰጋ አደጋ ሲኖር ግን ያለ ማስጠንቀቂያ የመልቀቅ መብት አለው። የሥራ ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ የሚገባው ገንዘብ ሊከፈለው ይገባል። ያልወሰደው የዓመት ዕረፍት በገንዘብ ይታሰብለታል፤ የዓመት ዕረፍት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፥ ለየሁለት ተጨማሪ ዓመትም አንድ ቀን ይጨመርበታል። የሥራውን ዓይነት፥ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጥ የምስክር ወረቀትም ያለ ክፍያ ይሰጠዋል።

ቢያንስ አምስት ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ፥ በሥልጠና ምክንያት ለማገልገል የገባው ግዴታ ከሌለ፥ በፈቃዱ ሲለቅ የሥራ ስንብት ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል። ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፥ ለየተጨማሪው ዓመት የዚያ ሢሶ ነው፤ እንግዲህ አምስት ዓመት የፈጸመ ሰው የ70 ቀን ደመወዝ ያህል ይደርሰዋል። አራት ዓመት ከዐሥር ወር ሲሆነው በንዴት የሚለቅ ሰው ሁለት ወር ባለመታገሡ ብዙ ያጣል። ይህ አዋጅ የመንግሥት ሠራተኞችን፥ የሥራ መሪዎችንና በሰው ቤት የሚያገለግሉትን አይመለከትም፤ እነርሱን የሚገዛቸው ሌላ ሕግ ወይም ውል ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ ያሉ አንባብያንም የሚኖሩበትን አገር ሕግ ይጠይቁ።

የጡረታን ነገርም አንርሳ። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ሠራተኛው ከደመወዙ በመቶ 7፥ አሠሪው በመቶ 11 ያዋጣሉ። የጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል፤ መውጫውም ዕድሜ 60 ነው። ስለዚህ የጡረታ መለያ ቍጥራችንን ይዘን እንሂድ፤ መዋጮው በእርግጥ ገቢ መደረጉንም ከመልቀቃችን በፊት እናጣራ። ዛሬ የምንንቀው አንድ ወረቀት በስተርጅና ዳቦ ይሆነናል።

የሕጉ ነገር ይህ ነው፤ ነገር ግን ከሕጉ በላይ የሚፈለግብን አለ። በእጃችን ያለውን ንብረት በዝርዝር እናስረክብ፤ ያልተፈጸመውን ሥራ ለተተኪው እናሳይ፤ የበደልነውን ይቅርታ እንጠይቅ። በስንብት ቀን የቈየ ቂም ሁሉ ለመዘርገፍ የሚፈልግ ሰው ለአንድ ሰዓት ይቀለዋል፤ ለብዙ ዓመት ግን ይከብደዋል።

ሰባተኛ፤ ከወሰንን በኋላ

ብዙዎች ፍርሃት ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ይጠብቃሉ። ነህምያ ግን በንጉሡ ፊት ሲቆም እጅግ እንደ ፈራ ራሱ ጽፎአል፤ እየፈራም ተናገረ። እንግዲህ ፍርሃት መኖሩ መንገዱ የተሳሳተ ለመሆኑ ምልክት አይደለም። ምክንያታችንን መርምረን፥ በተወሰነው ጊዜ ተዘጋጅተን፥ ወጪውን ቈጥረን፥ ቦታውን አይተን፥ ከታመኑ ሰዎች ጋር ተማክረን እንደ ሆነ፥ ከዚህ በኋላ የሚቀረው መነሣት ነው።

ከዚህ ሁሉ ምርመራ በኋላ «አሁን አይደለም» ብሎ የሚቀር ሰውም ይኖራል። እርሱም ወስኖአል እንጂ ወደ ኋላ አላለም። አስቦ የቀረ ሰው ሳያስብ ከቀረው ይለያል፤ ለምን እንዳለ ያውቃልና በሥራው ላይ ማጕረምረሙ ይቀንሳል። ከስድስት ወር በኋላ ነገሩን እንደ ገና ሊያየው ይችላል።

ሄዶ የተሳሳተ ሰው ቢኖርስ? እርሱን ደግሞ ጉባኤው አይተርትበት። በማስተዋል ተወስኖ ሳለ የማይሠምር ነገር ብዙ ነው፤ ፋብሪካ ይዘጋል፥ አሠሪ ቃሉን ያጥፋል፥ ሕመም ይመጣል። ሥራ ፈትቶ የተመለሰውን ወንድም ወይም እኅት «ነግረን ነበር» ከማለት ይልቅ፥ የት ሥራ እንዳለ መጠቈም፥ የአንድ ወር ኪራይ መርዳት፥ ለአሠሪ መመስከር ይሻላል። ሰው የሚቀጥለውን እርምጃ በድፍረት ሊራመድ የሚችለው ቢሰናከል የሚያነሣው ወገን እንዳለው ሲያውቅ ነው። ነህምያም ብቻውን አልሠራም፤ እያንዳንዱ በቤቱ አንጻር ያለውን ስለ ሠራ ቅጥሩ በ52 ቀን ተፈጸመ።

ለጥናትና ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ነህምያ በካሴሉና በኒሳን ወር መካከል ምን አደረገ? ይህስ በመጠበቅና በማመንታት መካከል ስላለው ልዩነት ምን ያስተምረናል?

2. ሥራችንን ለመለወጥ ከሚያነሣሡን ከአራቱ ምክንያቶች በእኛ ዘንድ የሚበዛው የትኛው ነው? መድኃኒቱስ ሁልጊዜ መልቀቅ ነውን?

3. የዕቃ ግምጃ ቤቱን ኀላፊ ምሳሌ ይዘን፥ የገዛ ቤታችንን ወጪና ገቢ በወረቀት ላይ እናስፍር። ከብር ሌላ ምን ልንቈጥር ይገባናል?

4. አንድ መምህር በዓመቱ መካከል የተሻለ ሥራ ቢያገኝ፥ ለቤተ ሰቡና ለተማሪዎቹ ያለበትን ግዴታ እንዴት ሊያስማማ ይችላል?

5. ሥራ ለውጦ ያልተሳካለትን ሰው ጉባኤያችን እንዴት ተቀበለው? ከእንግዲህስ እንዴት ልንቀበለው ይገባናል?